ቀጭን ሥላ ሰፊ ላሳየችን ቀመሪያ

ጓድ ሥራ አስኪያጅ፣ የሲኒማ ቤታችን ሠራተኞች፣ ቀመሪያን በጡረታ ለመሸኘት ከሳቢያን ሰፈር የመጣችሁ ጎረቤቶቿ፤ ተቀመጡ፣ ተቀመጡ። እኔ ሽማግሌው ከቆምኩ ይበቃል።

በ1952 ዓ.ም. ቀመሪያ መጀመሪያ ወደ ፊልም ማሳያ ማሽን ክፍሌ ስትወጣ የፊልም ሣጥን ያመጣች ተላላኪ መስላኝ፣ "እዚያ ጥግ አስቀምጪና ሂጂ" አልኳት። ሣጥኑን ከፈተችው። ብሩሽ፣ ቀለም፣ ማስመሪያ።

"የማስታወቂያ ሠዓሊ ነኝ አቦ። አንተስ ማነህ?"

አንተ! አምስት ዓመት እበልጣታለሁ እኮ። ምን ይደረግ፣ ድሬ ነው፤ አንቱታ እዚህ ከባቡር አይወርድም።

በማግስቱ የመጀመሪያ ሥራዋን አመጣች። በማሽኑ ብርሃን መጋረጃው ላይ የምትታይ፣ በመስታወት ላይ የተሳለች ሙሽራ፣ የጨርቅ ነጋዴዋ የፋዱማ ማስታወቂያ። ማሽኔ ላይ ያሰርኩት ሰፊውን ሌንስ ነበር። ለጎረቤቶቿ ላስረዳ፦ ሰፊው ሌንስ ቁመትን አይነካም፣ ወርድን ግን እጥፍ ያደርጋል። የሰፊ ፊልም ሰዎች መጀመሪያውኑ ተጨምቀው ስለሚቀረጹ፣ ሌንሱ ሲዘረጋቸው ልካቸውን ያገኛሉ። የቀመሪያ ሙሽራ ግን ልኳን ይዛ ነው የተሳለችው። መብራቱን ስለቅ ትከሻዋ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሆነ። ፋዱማ ከወንበሯ ተነስታ፣ "ይቺ ሙሽራ ናት ወይስ ቁም ሣጥን?" ብላ ጮኸች። ቀመሪያ ደግሞ ደረጃውን በሩጫ ወጥታ፣

"ማሽንህ ምን ቢያበላት ነው?"

እንዲህ እየቀለድኩ የምዘገየው ፈሪ ስለሆንኩ ነው። በቀመሪያ ፋይል ውስጥ አንዲት ወረቀት አለች፤ ያለ ጥፋቷ የተጻፈችባት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ። ነገ የምትቀበለው የአገልግሎት ምስክር ወረቀት የሚጻፈው ከዚያ ፋይል ነው። ስለ ወረቀቷ ሳልናገር ከዚህ አዳራሽ አልወጣም። ቀመሪያ፣ አንቺ አታፍጥጪብኝ፤ ገና ትንሽ እቀልዳለሁ።

ከዚያች ሙሽራ በኋላ ቀመሪያ ለሰፊው ሌንስ የምትሥለውን ሁሉ ወርዱን በግማሽ መጨመቅ ለመደች። ብርቱካኗ እንቁላል፣ የብስክሌቷ ጎማ እንቁላል። በየመስታወቱ ጥግ ደግሞ አንዲት ትንሽ ቀለበት አለች። ቀለበቷ መጋረጃው ላይ ክብ ሆና ካልወጣች በር አይከፈትም። ሕዝቡ ውጭ በፀሐይ ይጠበሳል፣ እሷ አዳራሹ መሐል ቆማ፣ "ድንች ናት! አውርዳት!" ትለኛለች።

ሰውንም እንደዚያው ትለካለች። ቀጭኗን ቲኬት ሻጫችንን ሳሕራን አንድ ዓይኗን ጨፍና አየቻትና፣ "አንቺን ለመሣል ግማሽ መስታወት ይበቃኛል" አለቻት። ሳሕራ ሳምንት ሙሉ አኮረፈቻት። ይኸው ዛሬም እያኮረፈች ነው።

የከብት ነጋዴው ሽሬ ከቢዮ አዋሌ መጥቶ ግመሉን ለሽያጭ ሊያስተዋውቅ የተዋዋለ ጊዜስ? መስታወቱን ሲያይ ግመሉ ፍየል አክሏል።

"ይሄ የኔ ግመል ነው? ዋላሂ፣ በድርቁ ጊዜ እንኳ እንዲህ አልሆነ!"

"ታገሥ አቦ፣ መጋረጃው ላይ ይወፍራል።"

"መጋረጃ የሚያደልበው ግመል የት አየሽ?"

ቅዳሜ መጥቶ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠ። ግመሉ ተዘርግቶ፣ ሻኛው ሞልቶ ሲወጣ ሽሬ ብድግ ብሎ ለሕዝቡ አወጀ፦ "አልሸጠውም! ሐሳቤን ቀይሬያለሁ!"

ሳቁ፣ ሳቁ። እኔም እስካሁን በሳቅ ነው ያመለጥኩት።

በ1972 ዓ.ም. ለጽዳት ዘመቻው ማስታወቂያ የቀበሌውን ኮሚቴ ሊቀ መንበር ፎቶ አይታ ሣለች። የአሥር ሰዓቱ ፊልም በተራው ሌንስ የሚታይ ጠባብ ስለነበረ ሥዕሉን በልኩ ሠራችው፣ አንድ ፀጉር እንኳ አልሳተችም። እኔ ደግሞ ጠዋት ለተማሪዎች ሰፊ ፊልም አሳይቼ፣ ከሰዓት በርጫ ላይ ጫቴን ይዤ ተቀምጬ ጨዋታው ጣመኝ። ዘግይቼ ገባሁ፤ ቀለበቷንም ሳናይ፣ ሌንሱንም ሳልቀይር መብራቱን ለቀቅሁት። የሊቀ መንበሩ ጉንጭ ትሪ አከለ። አንዱ ከኋላ፣ "የቀበሌው ስኳር የት እንደገባ ተገኘ!" አለ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሊቀ መንበሩ ፊት ወንበር ላይ ነበሩ።

ወዲያው ቢሮ ተጠራን። "ማነው ጥፋተኛው?" ተባለ። ቀመሪያ፣ "እኔ ነኝ። ልኩን ተሳስቼ ነው የሣልኩት" አለች።

ስንወጣ፣ "ለምን ዋሸሽ?" አልኳት።

"አንተ ሁለት ማስጠንቀቂያ አለብህ፤ ሦስተኛው ያባርርሃል። ጡረታህ አንድ ዓመት ቀርቶታል። አቦ ዝም በል!"

ዝም አልኩ። በዓመቱ ጡረታዬን ይዤ ወጣሁ፣ በኮንትራትም ተመለስኩ። የልጅ ልጆቼ ደብተር ከዚያች ጡረታ ነው የሚገዛው። እሷ ግን "ልክ የማታውቅ" ተብላ የክፍል ኃላፊነቱ አለፋት። ልክ የማታውቅ! ቀመሪያ! ስድስት ዓመት ሙሉ "ዘንድሮ እናገራለሁ" እያልኩ እሷ የምታፈላልኝን ሻይ ጠጣሁ።

ቀመሪያ፣ እህቴ፣ አመሰግንሻለሁ። ይቅርታም አድርጊልኝ። ሁለቱንም ቀድሜ ማለት ነበረብኝ።

ጓድ ገብረወልድ፣ እርስዎ ያኔ እዚህ አልነበሩም፤ አሁን ግን ሥራ አስኪያጁ እርስዎ ነዎት። ይህን ዛሬ ጠዋት ጽፌ ፈርሜበታለሁ። "ሌንሱን ሳልቀይር ያሳየሁት እኔ ክፍሉ ነኝ" ይላል። የሷ ወረቀት ከፋይሏ ይውጣ፣ ይሄኛው እኔ ፋይል ውስጥ ይግባ። ኮንትራቴንም ከቀደዱት ይቅደዱት፣ አልቀየምም። እጅዎን ይዘርጉ እንጂ፣ ቴምብሩም አልጎደለ!

ይኸው ተቀበሉኝ። ሁላችሁም አይታችኋል። ቀመሪያ፣ አንቺ ደግሞ መሐረብሽን አስቀምጪ፣ ገና አልጨረስኩም።

እንግዲህ ብርጭቆ እናንሳ። ቢራ የያዘ ቢራውን፣ ለስላሳ የያዘ ለስላሳውን። ሳቢያን ያለው ግቢሽ ጥላ አይጣ፣ ዓይንሽ አይድከም፣ ጤናና ዕድሜ ይብዛልሽ፤ ከደጅሽ ሰው አይጉደል። እኔም ብመጣ በሩን አትዝጊብኝ።

ንጹሕ ፋይል ይዛ ለምትወጣው ለቀመሪያ!