የቅዳሜው ሹሩባ

(ደብረ ብርሃን፤ ቅዳሜ ወደ አመሻሹ ላይ። ውዳሴ ከውጭ ገና መግባቷ ነው፤ እናታቸው ከሞቱ ወዲህ ያሳደገቻት ታላቅ እህቷ ትርሲት ሳሎኑ በር ላይ አስቁማታለች።)

ትርሲት፦ ነጠላሽን አውርጂው።

ውዳሴ፦ ብርድ ነው ትርሲዬ፤ ልግባና አወርደዋለሁ።

ትርሲት፦ እዚሁ አውርጂው። ጸጉርሽን ልየው።

ውዳሴ፦ ሹሩባ ነው። ሌላ ምን ይሆናል?

ትርሲት፦ ማን ሠራሽ?

ውዳሴ፦ ሳባ ጋ ተሠራሁ።

ትርሲት፦ ይገርማል። እኔም አሁን ከሳባ ጋ ነው የመጣሁት። ባሏ ታሞ ከሐሙስ ጀምሮ ቤቱን ዘግታዋለች።

ውዳሴ፦ እንግዲያው ሌላ ቦታ ነው።

ትርሲት፦ ሌላ ቦታ ማለት የት?

ውዳሴ፦ አንቺ ባንክ ሳይሆን ፖሊስ ጣቢያ ነበር መቀጠር የነበረብሽ።

ትርሲት፦ በቀልድ አታምልጪኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ምሳሽን እንደበላሽ ትወጫለሽ። ስትወጪ አንገትሽን ደፍተሽ ነው፤ ስትመለሺ እያንጎራጎርሽ። ያሳደግኩሽ እኮ እኔ ነኝ፤ አይጠፋኝም።

ውዳሴ፦ ማንጎራጎር ተከለከለ?

ትርሲት፦ ከማን ጋር እንደምትውዪ ንገሪኝ። ሚኪያስ ከአዲስ አበባ እየመጣ ነው አይደል?

ውዳሴ፦ ሚኪያስን ቀለበቱን ከመለስኩለት ወዲህ በዓይኔ አላየሁትም።

ትርሲት፦ የጎረቤታችን የእልፍነሽ ልጅ ግን አንቺን አይታሻለች። እነሱ ሰፈር፣ የነሚኪያስ በር ላይ ቆመሽ ስታንኳኪ።

ውዳሴ፦ ጥሩ ዓይን አላት።

ትርሲት፦ አልካድሽም።

ውዳሴ፦ ምን ብዬ እክዳለሁ? እዚያ ነበርኩ። እሱ ግን የለም። ከእናቱ ጋር ነው የምውለው፤ ከእትዬ ዘርፌ ጋር።

ትርሲት፦ ልጇ ካርዱ ታድሎ፣ አዳራሹ ተይዞ፣ በስልክ «አልተዘጋጀሁም» ብሎ ከተወሽ ሴትዮ ጋር?

ውዳሴ፦ የተወኝ እሱ ነው። እሳቸው አልተዉኝም።

ትርሲት፦ እሺ፣ ምን ስታደርጉ ትውላላችሁ?

ውዳሴ፦ ጸጉሬን ይሠሩኛል። ድራማ እናያለን።

ትርሲት፦ ድራማ።

ውዳሴ፦ ያቺ ባሏ ሞቷል ተብሎ የተመለሰላትን። አንቺም ታዪው የለ?

ትርሲት፦ ውዳሴ፣ እኔ ሕፃን አይደለሁም። ይቺ ሴትዮ በከንቱ አታስጠጋሽም። አንድ ነገር ፈልጋለች። ምን አብልታሽ ነው?

ውዳሴ፦ ቆሎ።

ትርሲት፦ የሰጠችሽን ሁሉ ትበያለሽ?

ውዳሴ፦ ከአንድ ሳህን ነው የምንዘግነው። የሆነ ነገር ካስነኩኝ ራሳቸውም ተነክተዋል ማለት ነው። እንዲያውም ብዙውን የሚበሉት እሳቸው ናቸው።

ትርሲት፦ ሳቂ። ልጇን ልታስታርቅ ነው። ቀስ አድርጋ ታለማምድሽና አንድ ቀን ከጓዳ ታወጣዋለች። አንቺም ይሄንኑ እየጠበቅሽ ነው።

ውዳሴ፦ አልጠበቅኩም።

ትርሲት፦ እንግዲያው ስሚው። ልነግርሽ አልፈለግኩም ነበር። ሚኪያስ ሌላ ሊያገባ ነው።

ውዳሴ፦ አውቃለሁ። ለጥምቀት ቀለበት ያስራሉ።

ትርሲት፦ ታውቂያለሽ?

ውዳሴ፦ ልጅቷን በፎቶ አይቻታለሁ፤ ታምራለች። እትዬ ዘርፌ አልወደዷትም፤ «ሳቋ ከጥርሷ አያልፍም» ይላሉ። የምከራከርላት እኔ ነኝ።

ትርሲት፦ አሁንስ ጭራሽ ፈራሁልሽ። ጤነኛ ሰው እንዲህ አያደርግም።

ውዳሴ፦ መጀመሪያ የሄድኩት ለዚህ አልነበረም። በቀለበቱ ጊዜ ያደረጉልኝን ሐብል ልመልስላቸው ነበር። በር ላይ ሰጥቼ ልመለስ። አልቀበልም አሉ። «ሐብሉ ያንቺ ነው፤ ይልቅ ይሄ ጸጉርሽ ምን ሆኗል?» ብለው ምንጣፉ ላይ አስቀመጡኝ።

ትርሲት፦ ጸጉርሽን የሚሠራ ሰው ቤትሽ ጠፍቶ ነው? ከሕፃንነትሽ ጀምሮ በማን እጅ አደገ?

ውዳሴ፦ ባንቺ። አልረሳሁትም።

ትርሲት፦ ታዲያ እኔ ምን አጠፋሁ?

ውዳሴ፦ ምንም። ስትሠሪኝ እጅሽ ይፈራል፤ ሌላ አይደለም። ጎንበስ ብለሽ ፊቴን ታያለሽ፤ አለቅስ እንደሆነ። አንድ ቀን ሚዶው ጎትቶኝ ዓይኔ እንባ ሲያቀር አንቺ ራስሽ ማልቀስ ጀመርሽ። ከዚያ በኋላ እንድትነኪኝ አልፈለግኩም።

ትርሲት፦ አዝኜልሽ ነው።

ውዳሴ፦ ታዝኑልኛላችሁ። ስገባ ቴሌቪዥኑ ይቀነሳል። ሠርግ ቤት የሄደ ሰው ሠርግ ቤት ነበርኩ አይለኝም። ወጥ ውስጥ ጨው ሳበዛ እንኳ ዝም ብላችሁ ትበላላችሁ። ሰው እንዴት እንዲህ ይኖራል?

ትርሲት፦ እሷስ ምን ትልሻለች?

ውዳሴ፦ «ራስሽን ዝቅ አድርጊ፣ ቴሌቪዥኑን ከለልሽኝ።»

ትርሲት፦ ይኸው ነው?

ውዳሴ፦ ይኸው ነው። ስትመለሺ ታንጎራጉሪያለሽ ያልሽኝም የድራማው መግቢያ ዘፈን ነው።

ትርሲት፦ እሺ፣ አመንኩሽ እንበል። ይሄን ግን አባባ አያምንሽም። ይቅርታ ሊጠይቁ የመጡት ሽማግሌዎች ፊት ቆሞ ምን እንዳለ ሰምተሻል። የዚያን ቤት ደጃፍ የረገጠ ልጄ አይደለም ነው ያለው።

ውዳሴ፦ ሰምቻለሁ።

ትርሲት፦ ከእልፍነሽ ልጅ አፍ ከሚሰማው ከኔ ቢሰማ ይሻላል። ዛሬውኑ እነግረዋለሁ። ከሚቀጥለው ቅዳሜ ጀምሮ አትወጪም።

ውዳሴ፦ ለሱ ባትነግሪው ደስ ይለኛል።

ትርሲት፦ ፈራሽ።

ውዳሴ፦ አፍሮ እንዳይቀርብኝ ነው።

ትርሲት፦ ልታፍሪው ይገባ የነበረው ያኔ ስትሄጂ ነው። ቆይ፣ ከዕድር ስብሰባው ይመለስ።

ውዳሴ፦ ዛሬ ይቆያል።

ትርሲት፦ አንቺ በምን አወቅሽ?

ውዳሴ፦ ትርሲዬ፣ ዕድሩ የሚሰበሰበው በወር አንዴ ነው። የኔን መውጫና መግቢያ ስትጠብቂ ያባባን አላየሽውም።

ትርሲት፦ ምን ማለትሽ ነው? የት ነው ያለው?

ውዳሴ፦ በረንዳ ላይ፣ ከጋሽ ደምሰው ጋር ዳማ ይዟል። ሲሸነፍ መነሣት አይወድም። «አንቺ ቅደሚ፣ አብረን ከገባን ትርሲት ትጠረጥራለች» ብሎኝ ነው።

ትርሲት፦ ጋሽ ደምሰው ማለት የሚኪያስ አባት?

ውዳሴ፦ አዎ።

ትርሲት፦ አባባ እዚያ ቤት አይገባም። ለአንቺ ክብር ብሎ የማለ ሰው ነው።

ውዳሴ፦ እኔ ሐብሉን ይዤ የሄድኩ ቀን በሩን የከፈተልኝ እሱ ነው።