ባለቤቱ ከውጭ የቆመበት ሜዳ

አቶ ፀሐዬ ጡረታ ከወጡ አራት ዓመት ሆኗቸዋል፤ እግራቸው ግን ወሬውን አልሰማም። ሌሊቱ ሲነጋጋ እንግሊዝ አገር ካለው ሰፈራቸው ከዋይት ሲቲ ተነሥቶ አውቶቡስ ይሳፈራል፤ እሳቸውም ብቻውን መስደዱ ደስ ስለማይላቸው አብረውት ይሄዳሉ። ፓርክ ሮያል ሲደርሱ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሳንድዊች ያሸጉበትን ፋብሪካ ቀና ብለው ሳያዩ ያልፉና፣ በመጋዘኖቹ መሐል ተጠማዝዘው ከኋላ ካለው ሰፊ ሜዳ አጥር ሥር ይቆማሉ።

የፋብሪካው ሐበሾች «ጀርባ ሜዳ» ይሉታል። በጥቅምት ጉም ይተኛበታል። ከዳቦ ፋብሪካው የሚመጣው ሽታ ከጉሙ ጋር ሲቀላቀል ሜዳው ራሱ ቀስ ብሎ የሚበስል ይመስላል። አንዳንድ ቀን ከዚያ ነጭ እንቅልፍ ውስጥ አንዲት ሚዳቋ ትወጣለች። እንግሊዞቹ ሌላ ስም አውጥተውላታል፤ ለአቶ ፀሐዬ ግን ጎበጥ ያለው ጀርባዋ፣ አንድ እግሯን አንሥታ መጠራጠሯ፣ ሁሉ ነገሯ በጎፋ ቆላ በጉብዝናቸው ያሳደዷት ሚዳቋ ናት። ጣታቸውን በሽቦው ቀዳዳ ሰደው ትንፋሻቸውን ይውጣሉ። ነፋሱ በየት እንደሚመጣ ጣት አርጥበው ይለካሉ። ጠመንጃ የለም፤ የቀኝ ትከሻቸው ግን ሳያዙት ከፍ ይላል። ሚዳቋዋ ስትሰወር ወደ በሩ ሄደው ኮፍያቸውን ያወልቁና «ቤቶች» ይላሉ።

መልስ የለም። ሦስት ጊዜ ይጣራሉ፤ ከሦስት በላይ መጣራት ሰውን ማስጨነቅ ነው። ከዚያ ይመለሳሉ። አራት ዓመት እንዲህ ሆነ። ይህን የሚያነብ ይስቅ ይሆናል። ይሳቅ፤ ግን በዚህ ከተማ ስንቱ ወገናችን በተከፈተ በር ፊት ቆሞ ጥሪ እንደሚጠብቅ ቆጥሮ ሲያበቃ ይሳቅ።

ባለፈው ጥቅምት፣ አንድ ቅዳሜ ማለዳ ግን «ቤቶች» ሲሉ ከጉሙ ውስጥ «አቤት» የሚል ድምፅ መጣ።

ከበሩ ወዲያ፣ በታጣፊ ወንበር ላይ፣ ሰማያዊ የዝናብ ልብስ የለበሰች ወጣት ተቀምጣለች። አቶ ፀሐዬ ለአፍታ ሜዳው ራሱ የመለሰላቸው መስሏቸው ነበር።

«ሐበሻ ነሽ እንዴ፣ የኔ ልጅ?»

«አዎ ጋሼ፤ ዳናዊት እባላለሁ። እዚሁ ከተማ፣ ሆሎዌይ ነው ተወልጄ ያደግሁት።»

«እኔ ፀሐዬ እባላለሁ። ጥበቃ ነሽ?»

«አይ፣ ቆጣሪ ነኝ። ቮለንቲር አድርጌ ነው። በዚህ በር የሚገባውን ሰው እቆጥራለሁ።» በመዳፏ የያዘችውን፣ ሲጫኗት ጠቅ የምትል ትንሽ መቁጠሪያ አሳየቻቸው። «ሳምንቱን ሙሉ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ነበር የምመጣው፤ ዛሬ የመጨረሻ ቀን ስለሆነ ማልጄ መጣሁ። የሰፈሩ አስተዳደር፣ ካውንስሉ፣ ‹ማንም አይጠቀምበትም› ብሎ ሜዳውን ለመጋዘን ሊሰጠው ነው። እስከ ዛሬ ዐሥር ሰዓት ሃምሳ ሰው ከገባ ሜዳ ሆኖ ይቀራል፤ ካልገባ ግን…» ትከሻዋን ነቀነቀች። «አርባ አንድ ደርሰናል። ውሻ አይቆጠርም።»

«ሚዳቋዋስ?»

«እሷም አትቆጠርም።»

አቶ ፀሐዬ ሽቦውን ያዙ። ሜዳው ከሌለ እግራቸው ጠዋት ወዴት ይወስዳቸዋል?

«እርስዎ ቢገቡ አርባ ሁለት ይሆናል» አለች ዳናዊት።

«እኔማ አልገባም።»

«ለምን ጋሼ?»

«አጥር አለዋ።»

«በርም አለው።»

«በር ያለው ነገር ባለቤት አለው፤ ባለቤት ያለው ይጠራል። ጠራሁ። አራት ዓመት ጠራሁ፣ ግባ ያለኝ የለም።»

«ሰሌዳውን አላነበቡትም?»

«አጥር ላይ ሰሌዳ የሚሰቀለው ለምን ይመስልሻል? ለመከልከል ነው። ይህን ለማወቅ ምን ማንበብ ያስፈልጋል?»

«እስቲ ለኔ ሲሉ ያንብቡት።»

መነጽራቸውን አደረጉ። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የሳንድዊች መለያ ጽሑፍ ያነበበ ዓይን እንግሊዝኛ አያስቸግረውም። ሰሌዳው ሜዳው የሕዝብ እንደሆነ፣ አጥሩም የቆመው መኪና እንዳይገባና ቆሻሻ እንዳይደፋበት እንደሆነ ይናገራል። ሁለት ጊዜ አነበቡት። ሁለተኛው ጊዜ እንደ መጀመሪያው ሆነባቸውና ተናደዱ።

«የሕዝብ ማለት የመንግሥት ማለት ነው» አሉ መነጽራቸውን እያጠፉ። «የመንግሥት ማለት ደግሞ አትንካ ማለት ነው። እኛ ያደግንበት አገር እንዲህ ነው የሚተረጎመው።»

«ያ ትርጉም እኮ ኤክስፓየር አድርጓል ጋሼ። ካውንስል ታክስ ይከፍሉ የለ?»

«ቀኑ ሳይደርስ እከፍላለሁ።»

«እንግዲያ የርስዎ ነው።»

«ለሥጋ ቤትም እከፍላለሁ፤ ቢላዋውን ቀምቼ ልቁረጥ? ያውም የኔ ካውንስል ሌላ ነው።»

ዳናዊት ሳቀች። አቶ ፀሐዬ ግን አልሳቁም። «ስሚኝ ልጄ። እኛ አደን ስንወጣ፣ አጥር ባልነካው ዱር እንኳ፣ የአገሩን ባላባት ሳናስፈቅድ አንረግጥም። ግዳይ ከጣልን ወርቹ የሱ ነው። አሁን በስተርጅና እንደ ቀበሮ ሾልኬ ልግባ?»

«ማን ይሹለኩ አለዎት? በበሩ ነው እንጂ።»

«ነውሩ በበር መግባቱ ላይ አይደለም፣ ሳይፈቀድ መግባቱ ላይ ነው።»

እውነቱን ለመናገር ይህ ተራ ግትርነት አልነበረም። አቶ ፀሐዬ እዚህ አገር ስደተኛ ሆነው ሲመጡ ቁጥር ይዘው ያልተሰለፉበት መሥሪያ ቤት አልነበረም። የጮኸው ሲባረር፣ ዝም ብሎ የተቀመጠው ሰው መጨረሻ ላይ ክፍልም ወረቀትም ሲያገኝ በዓይናቸው አይተዋል። ትሕትና አብልታቸዋለች፤ ያበላን ነገር መጠርጠር ደግሞ ለማንም ከባድ ነው። ችግሩ፣ ሰው ከአንዱ በር ፊት የተማረውን በሌላው በር ፊት መድገሙ ነው።

በመጨረሻ መላ መጣላቸው። «በቃ፣ አንቺ ‹ይግቡ› በይኝና ልግባ። የምን ክርክር ነው?»

«አልልም።»

«እናትሽ ሽማግሌ ደጅ አቁሚ ብላ ነው ያሳደገችሽ?»

«እማዬ ብትሰማ ትገድለኛለች» አለች ዳናዊት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ግን እኔ ‹ይግቡ› ካልኩ ባለቤቷ እኔ ሆንኩ፣ እርስዎ እንግዳ። ነገ እኔ የለሁም። ነገም ሦስቴ ተጣርተው ሊመለሱ ነው።» ከወንበሯ ተነሥታ ወደ ሽቦው ቀረበች። «ጋሼ፣ ሰው ‹ቤቶች› ብሎ መልስ የሚያጣው መቼ ነው?»

«ቤቱ ሰው ሲያጣ ነዋ።»

«ባለቤቱ የት ሄዶ?»

«ምን ዐውቃለሁ፣ ወጣ ብሎ ይሆናል።»

«አዎ፣ ወጣ ብሎ ነው። አጥሩ ሥር ቆሞ ራሱን ይጣራል።»

አቶ ፀሐዬ ዓይናቸውን ወደ ሜዳው መለሱ። ጉሙ እንደ ከብት ቀስ እያለ ከሜዳው መነሣት ጀምሯል። ሣሩ ታየ፤ ቁጥቋጦው ታየ፤ ከዚያ፣ ሚዳቋዋ ዘወትር በምትወጣበት አቅጣጫ፣ ጫፋቸው ብርቱካንማ ቀለም የተቀባ ችካሎች ተሰልፈው ታዩ።

«እነዚያን ማን ተከላቸው?»

«መጋዘኑን የሚሠሩት ሰዎች። ባለፈው ሳምንት መጥተው ለክተው ሄዱ።»

«ተጣርተው ነው የገቡት?»

«ሲጣሩ የሰማ የለም።»

አዳኙ ችካሎቹን ረጅም ጊዜ አያቸው። ያልጠራው ገብቶ ችካል ተከለ፤ የጠራው ደጅ ቀረ። በጎፋ ቆላ ቢሆን ይህን ሰውዬ ባላባቱ ራሱ ያባርረው ነበር። ባላባቱ የት አለ ቢሉ፣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ከውጭ ቆሟል።

ኮፍያቸውን መልሰው ደፉ። እጃቸው ብረቱ ላይ ሲያርፍ ቀዘቀዛቸው። በሩ ሲጥጥ አለ፤ ሜዳውም እንደ ሕልም ደጅ ያለ ምንም ግርግር ተቀበላቸው። ማንም ቁም አላለም። ከኋላቸው መቁጠሪያዋ ጠቅ አለች።

ጤዛው ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት አራሰው። የሚራመዱት በእግራቸው ይሁን በትዝታቸው አልለዩትም። ቁጥቋጦው ሥር ሲደርሱ ጎንበስ አሉና ዳናዊትን በእጃቸው ጠሩ።

«ይህ ምንድነው?»

«ጭቃ?»

«ዩኒቨርሲቲ ገብተሻል አይደል?»

«ጂኦግራፊ ነው ያጠናሁት።»

«ዱካ ነው። ይቺ የሚዳቋዋ ናት። ከጎኗ ያለችውን፣ እንደ ጥፍር የቀጠነችውን አየሻት? ብቻዋን አይደለችም፤ ግልገል ይዛለች።» ቀና አሉ። ፊታቸው የሌላ ሰው ፊት ነበር። «አደን ይፈቀዳል?»

«በዓይን ብቻ።»

«ከሆነማ አራት ዓመት ሙሉ አድኛለሁ። ስልክሽን አምጪ፣ የኔ ቻርጅ የለውም።»

መጀመሪያ ለዋይት ሲቲ ጎረቤታቸው ለወይዘሮ ጸዳለ ደወሉ፤ ከሦስት ልጆቿ ጋር እንድትመጣ። ቀጥሎ ሆሎዌይ ለሚኖረው የስደት ጓደኛቸው ለገብረ መድኅን።

«ከሆሎዌይ ፓርክ ሮያል ድረስ ለሣር?» አለ ገብረ መድኅን።

«ሐኪምህ ተራመድ ካለህ ስንት ጊዜው ነው? ካፌ ተቀምጠህ የአገር ቤት ፖለቲካ ስታሳድድ፣ ስኳርህ አንተን እያሳደደ ነው። እዚህ ና። ጉልበትህ ይፍታታ፣ እንቅልፍህ ይመለስ፣ ሚስትህም ካንተ ትረፍ። ልጆቻችን ‹ይህ የማነው› ሲሉን ‹የኛም ነው› የምንለው አንድ መሬት ይኑረን። አንተ ያልረገጥከውን ሜዳ ሌላው ችካል ይተክልበታል።»

«ማን ፈቅዶልህ ገባህ?»

«ማንም።»

«አንተ? ማንም ሳይፈቅድልህ?»

«በበሩ» አሉ አቶ ፀሐዬ፣ ዘጉትም።

ወይዘሮ ጸዳለ ከነልጆቿ መጣች። ሯጮች ሦስት ገቡ። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ መቁጠሪያዋ አርባ ዘጠኝ ላይ ቆማ ቀረች። ጥላው ረዘመ፤ ዳናዊት ሰዓቷን ስታይ፣ አቶ ፀሐዬ ነፋሱን ሲለኩ፣ ልጆቹ ዱካ ሲፈልጉ፣ ጊዜው በሣሩ ላይ ቀስ እያለ ሄደ። ለዐሥር ሰዓት ሰባት ደቂቃ ሲቀረው ከመጋዘኖቹ መሐል አንድ ካፖርት የለበሰ ሽማግሌ ብቅ አለ። አጥሩ ዘንድ ደርሶ ቆመ። ኮፍያውን አወለቀ።

«ቤቶች» አለ ገብረ መድኅን።

ዳናዊት ወደ አቶ ፀሐዬ ዞረች። ምላሳቸው ጫፍ ላይ «ይግቡ» ተቀምጧል፤ ሰባ ዓመት ሙሉ በማንም ፊት ውጠውት አያውቁም። ጎንበስ ብለው ዱካውን ማየት ጀመሩ።

«ቤቶች።»

ሰውን ያህል ነገር፣ ያውም የስደት ጓደኛን፣ ደጅ አቁሞ ዝም ማለት እስከዛሬ ከሠሩት ብልግና ሁሉ የከፋ ነበር።

«ቤቶች» አለ ገብረ መድኅን ሦስተኛ። ድምፁ አነሰ። ከዚያ የሚመለስ ሰው እንደሚያደርገው ጉሮሮውን ጠረገ፤ ሰሌዳውን አየ፤ ጀርባውን ሰጥቶ ከልጆች ጋር የተጎነበሰውን ወዳጁንም አየ።

አቶ ፀሐዬ ዓይናቸውን ጨፍነው ጠበቁ። በሩ ሲጥጥ ሲል ሰሙ፤ ቀጥሎም ያቺን ትንሽ ጠቅታ።