ጠርሙስ የያዘው ቅዱስ

ዝናቡ እንደዚያ ድንገት ባይወርድ ኖሮ አባባ ካይታንና ኢዳሊና ፊት ለፊት ባልተገናኙ ነበር። አባባ ካይታን ሰሞኑን ይህችን ልጅ ከሩቅ ባዩ ቁጥር መንገድ ይቀይሩ ነበርና። የዚያን ዕለት ግን ፌኒ የሚባለውን የካሹ አረቄ ከሚያወጣው ሰው ቤት ሲመለሱ፣ ሙሉ ደምበጃን ታቅፈው ግማሽ መንገድ ላይ እንደደረሱ ሰማዩ ተቀደደ። ያላቸው ምርጫ የመስቀለኛው መንገድ ጸሎት ቤት በረንዳ ብቻ ሆነ። እየሮጡ ገብተው ውሃውን ከዓይናቸው ሲጠርጉ፣ ኢዳሊና ከአንዲት ትንሽ ልጅ ጋር አግዳሚው ላይ ተቀምጣ አዩዋት።

ደምበጃኑን ከኋላቸው ሊደብቁ ሞከሩ። ደምበጃን የሚያህል ነገር ደግሞ ከአንድ ቀጭን ሽማግሌ ጀርባ አይደበቅም።

የሁለቱ ጠብ ምን እንደሆነ መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል። በዚህ በሕንድ አገር ባለው የጎዋ መንደር በዝናቡ ወቅት የመጥምቁ ዮሐንስ በዓል ሲደርስ፣ ወጣቱ የአበባና የቅጠል አክሊል ደፍቶ፣ ከበሮ እየመታ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል፤ በየግቢውም «ቪቫ ሳን ዥዋው!»፣ ማለትም «ቅዱስ ዮሐንስ ለዘላለም ይኑር!» እያለ የውሃ ጉድጓድ ውስጥ ይዘላል። የዙሩ መጨረሻ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ የአባባ ካይታን ጉድጓድ ነው። እሳቸውም የጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመው አንድ ጠርሙስ ፌኒ ወደ ውሃው ይወረውራሉ፤ ጠልቆ ያወጣ ይጠጣዋል። ዘንድሮ ግን የቁምስናው ወጣቶች ማኅበር፣ ማርጋው ከተማ ተምራ በተመለሰችው በኢዳሊና መሪነት፣ «ፌኒ የሚቀርብበት ግቢ አንገባም» ብሎ ከእሁድ ቅዳሴ በኋላ በሕዝብ ፊት አወጀ። አባባ ካይታን ደግሞ እዚያው ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ «የአባቴን ቤት ሥርዓት በልጅ ትእዛዝ አልለውጥም!» ብለው ማሉ።

ሚስታቸው ከሞተች ቆይታለች፤ ሁለቱ ወንዶች ልጆቻቸው መርከበኞች ናቸው። ያ ቤት በዓመት አንድ ቀን ብቻ በሰው ይሞላል። ያችም ቀን የዮሐንስ ዕለት ናት። ይህን ግን ለማንም አልተናገሩም፤ ለመሐላ የሚፈጥን አፍ ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር ይተሳሰራል።

«እንደምን ዋሉ፣ አባባ ካይታን? ይቀመጡ እንጂ፤ ቶሎ የሚያባራ አይመስልም» አለች ኢዳሊና ብድግ ብላ።

«ቆሜ ይሻለኛል።»

ትንሿ ልጅ ሉርዲና እጆቿን አጣምራ ምርቃት ጠየቀች። አባባ ካይታንም ኩርፊያቸውን ለአፍታ ትተው «እግዚአብሔር ያሳድግሽ» አሉና ተመልሰው አኮረፉ።

«እኔ የምለው፣ ማርጋው ድረስ ሄደሽ የተማርሽው የሰው ቤት መዝጋት ነው?»

«ቤት አልዘጋንም፤ ጠርሙስ ይቅር ነው ያልነው።»

«እንግዳ መጥቶ ጉሮሮው ደርቆ ይመለስ? ሰው ምን ይለኛል? ካይታን ሲያረጅ ሰሰተ አይለኝም?»

«እርስዎን ሰሰቱ የሚል ሰው በዚህ መንደር አልተወለደም። ግን አባባ፣ አምና አኜሎ ምን እንደሆነ ያስታውሳሉ?»

አባባ ካይታን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አኜሎ የተባለው ወጣት አምና እሳቸው ጉድጓድ ውስጥ ሰክሮ ዘሎ፣ ከድንጋዩ ተጋጭቶ ትከሻው ወልቆ ነበር። ሾርባ እየያዙ ሲጠይቁት የከረሙትም እሳቸው ናቸው።

«ዓይኑን ገልጦ ቢዘል ኖሮ ምንም አይሆንም ነበር» አሉ።

«ዓይኑን ማን ጨፈነበት?»

አባባ ካይታን ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«እኛ ያንን ሁሉ ጠጥተን ስንዘል ምን ሆንን? ችግሩ የፌኒው አይደለም! የዛሬ ወጣት ነው የተልፈሰፈሰው፤ ጠብታ ዝናብ ሲነካው የሚያስነጥስ!» ብለው ሳይጨርሱ ራሳቸው ሦስቴ አከታትለው አስነጠሱ።

ኢዳሊና ሳቋን ውጣ ሻርፗን አውልቃ ሰጠቻቸው። ተቀበሏት። ፀጉራቸውን እያደረቁ፣ ግን እጅ እንዳልሰጡ ለማሳወቅ ቀጠሉ።

«ሴቶች ልጆችም ይዘላሉ ሲሉ ሰማሁ።»

«ይዘላሉ። ሕፃናቱም ጭምር። ዋና የሚችል ሰው አስቀድሞ ውሃው ውስጥ ይሆናል፤ ገመድም እንዘረጋለን።»

«ሴት ልጅ ጉድጓድ ውስጥ! እናትሽ ትስማሽና!»

«ገመዱን ያመጣችው እናቴ ናት። አባባ፣ እናቶች ልጆቻቸውን ለዚህ በዓል መልቀቅ ካቆሙ ስንት ዘመናቸው! ስካሩን ፈርተው በር ይዘጉባቸዋል። በዓሉ የጎረምሳ ብቻ ሆኖ ቀረ። ልጆቹም ከበሮውን በመስኮት እየሰሙ ያድጋሉ እንጂ ለምን እንደሚዘለል አያውቁም።»

«ምን የማይታወቅ ነገር አለው? ዮሐንስ በዮርዳኖስ ያጠመቀ ቅዱስ ነው፤ ነገሩ ውሃ ነው፤ እኛም ውሃ እንገባለን። ፌኒው ደግሞ ለብርዱ።»

ኢዳሊና መልስ ልትሰጥ ስትል፣ እስካሁን ደምበጃኑን ትኩር ብላ ስታይ የነበረችው ሉርዲና የሽማግሌውን እጅጌ ጎተተች።

«ቅዱስ ዮሐንስ፣» አለች በአክብሮት፣ «ጠርሙስዎ ዘንድሮ አደገ እንዴ?»

«ማንን ነው ይቺ ልጅ የምትጠራው?»

«እርስዎን ነዋ! አምና በአጥር ቀዳዳ አይቼዎታለሁ። ጠርሙስዎን ይዘው ጉድጓዱ ላይ ሲቆሙ፣ ሰው ሁሉ ወደ እርስዎ ዞሮ ‹ቪቫ ሳን ዥዋው!› ሲል ሰምቻለሁ።»

አባባ ካይታን በሳቅ ፈነዱ። እንባቸው እስኪፈስ፣ የበረንዳውን ምሰሶ እስኪደገፉ ድረስ ሳቁ። ኢዳሊና ግን እንዳልሳቀች ሲያዩ ሳቃቸው መሐል ላይ ቆመ።

«ይኼንኑ ነው በትምህርተ ክርስቶስ ክፍልም የነገረችኝ» አለች ኢዳሊና ዝቅ ባለ ድምፅ። «ቅዱስ ዮሐንስ ማነው ብዬ ብጠይቃቸው፣ አንዱ ‹ነጭ ጢም ያለው›፣ ሌላው ‹ጠርሙስ የሚወረውረው› አሉኝ። በልጆቹ አልፈርድም፤ በእርስዎም አልፈርድም። ያየነውን ነው የምንማረው፤ ያሳየናቸው ደግሞ ይኼንን ነው።»

ሽማግሌው ትንሿን ልጅ ተመለከቱ። እሷም በሙሉ እምነት መልሳ ተመለከተቻቸው። አፈሩ። በሕይወታቸው ብዙ ስድብ ሰምተዋል፤ እንደዚህ ክብር ያሳፈራቸው ግን አልነበረም።

«ተሳስተሻል፣ ልጄ» አሏት። «እኔ ካይታን ነኝ። ቅዱስ... ቅዱስ አይደለሁም።» ከዚያም ተቀመጡ። «በይ እንግዲህ አንቺ አስተማሪዋ፣ ንገሪን። ለሁለታችንም ንገሪን። የምንዘለው ለምንድነው?»

ኢዳሊና ሉርዲናን ጭኗ ላይ አስቀመጠቻት።

«ኤልሳቤጥ የምትባል አሮጊት ነበረች። እሷና ባሏ ልጅ የማይሮጥበት፣ ጸጥ ያለ ቤት ውስጥ ነበር የሚኖሩት። በኋላ በስተርጅናዋ ፀነሰች። ዘመዷ ማርያም፣ ገና ወጣት ልጅ ናት፣ ይህን ስትሰማ ተራራማውን አገር አቋርጣ ልትጠይቃት ሄደች። በር ላይ ደርሳ ‹ሰላም ለዚህ ቤት› ስትል፣ ኤልሳቤጥ ሆድ ውስጥ ያለው ሕፃን በደስታ ዘለለ። ያ ሕፃን ዮሐንስ ነው። ዝላያችን እሱ ነው፣ አባባ። ዮርዳኖስ ገና አልወረደም፤ ማጥመቅም ገና ነው። እንግዳ ወደ አንዲት አሮጊት ቤት ስለመጣ ነው የዘለለው።»

ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል።

«ሆድ ውስጥ ደግሞ ፌኒ የለም» አሉ አባባ ካይታን፤ ለቀልድ ነበር፣ ድምፃቸው ግን ተሰበረባቸው።

«የለም።»

«ስሚ ኢዳሊና። ልጅ የማይሮጥበት ቤት አልሽ። እኔም አውቀዋለሁ፤ ሰዓቱ ሲቆጥር ከጓዳ ይሰማል። ጠርሙሱን የምወረውረው... ጠርሙሱን ካስቀረሁ ማን ይመጣል? ለሽማግሌ ወሬ ብሎ ያን ሁሉ ጭቃ የሚያቋርጥ ማነው? ይኼንን ነው የፈራሁት። የአባቴ ሥርዓት ምናምን ያልኩት ለአፌ ነው።»

ኢዳሊና ሁሉንም ነገር አስባ፣ ተዘጋጅታ የመጣች ልጅ ነበረች፤ ለዚህ ግን አልተዘጋጀችም። የማፈር ተራው የእሷ ሆነ።

«አጥፍተናል፣ አባባ» አለች። «ማርያም በሕዝብ ፊት አዋጅ አላስነገረችም፤ ራሷ ሄደች። እኛ ግን ቤትዎ ሳንመጣ ነው ቤትዎ አንገባም ያልነው። ይቅር ይበሉን።»

«እናያለን» አሉ ሽማግሌው። ዝናቡም ስላባራ ደምበጃናቸውን አቅፈው ሄዱ።

የዮሐንስ ዕለት ሰማዩ እንደጠቆረ ዋለ። አባባ ካይታን ነጭ ሸሚዛቸውን ለብሰው በረንዳቸው ላይ ተቀመጡ። ከበሮው ከታችኛው ሰፈር ተሰማ፤ ቀረበ፤ ከጎረቤት ግቢ ጩኸትና ሳቅ መጣ፤ ከዚያም ጸጥ አለ። ልባቸውም አብሮ ጸጥ ያለ መሰላቸው። አልፈውኛል አሉ በሆዳቸው።

«ሰላም ለዚህ ቤት!» አለ አንድ ቀጭን ድምፅ ከበሩ።

ሉርዲና ናት፤ አክሊሏ ዓይኗ ላይ ወርዷል። ከኋላዋ መንደሩ ሁሉ ቆሟል። ጎረምሶቹ ብቻ አይደሉም፤ ለዓመታት በራቸውን ዘግተው ይቀሩ የነበሩት እናቶችም ሕፃናት እየጎተቱ፣ የሩዝ ቂጣ በቅጠል ጠቅልለው መጥተዋል። ኢዳሊና ግቢውን በዓይኗ ስትቃኝ አንድ ጠርሙስ አላየችም። የማንጎው ግንድ ላይ ግን ጠንካራ ገመድ ታስሮ እስከ ጉድጓዱ ወርዷል፤ ቋጠሮውን ሽማግሌው ጠዋት ራሳቸው ተንጠልጥለውበት ፈትነውታል።

«ጠርሙሱስ፣ አባባ?» አለ አንዱ ጎረምሳ ቅር ብሎት።

«ጉልበቴ ጠጣው» አሉ አባባ ካይታን። «ማታ ማታ እታሽበታለሁ። አንተም ጉልበት ሲያምህ ና፣ እቀባሃለሁ።»

ግቢው በሳቅ ተናወጠ። ከዚያ ሽማግሌው እንደ ልማዳቸው ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመው በጠርሙስ ፈንታ ትልቅ አናናስ ወረወሩ። አኜሎ ትከሻው ድኖ ውሃው ውስጥ እየዋኘ ይጠብቃል፤ ሕፃናቱም ወንድ ሴት ሳይሉ ተራ በተራ ገመዱን እየያዙ ዘለሉ፤ አናናሱ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እያመለጠ አሳቃቸው። ኢዳሊና በየዝላዩ መሐል «ማን ነው የዘለለው?» ትላለች፤ ልጆቹም «ዮሐንስ!» ይላሉ፤ «ለምን?» ስትል «እንግዳ ስለመጣ!» ይላሉ። አንድ ዓመት ሙሉ ክፍል ውስጥ ብታስተምረው እንደዚህ አይገባቸውም ነበር።

ሉርዲና ከውሃው ወጥታ እየተንጠባጠበች መጣች።

«አባባ ካይታን፣ እንግዳ መጥቶብዎት የለ? እርስዎ አይዘሉም?»

ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ እሳቸው ዘለው አያውቁም። አባባ ካይታን ልጅቷን አዩ፣ እናቶቹን አዩ፣ የተከፈተውን የቤታቸውን በር አዩ። ሸሚዛቸውን አውልቀው ለኢዳሊና ሰጡ። የሉርዲናን አክሊል ራሳቸው ላይ ደፉ፤ ገመዱን ያዙ፤ ከልጅነታቸው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ሳይቀምሱ ዘለሉ።

ብቅ ሲሉ አክሊሉ ለብቻው ይንሳፈፍ ነበር፤ እሳቸውም እንደ ሕፃን እየጮኹ ይስቁ ነበር።

የዚያን ምሽት ማንም በሰው ትከሻ ተደግፎ ቤቱ አልገባም። የማንም ሚስት በር ላይ ቆማ በፍርሃት አልጠበቀችም። አጥንት አልተሰበረም፤ ያልታሰበ ክፉ ቃል አልተነገረም። ከዚያ ወዲህ የወጣቶቹ ዙር የሚጀመረው ከሽማግሌዎችና ከአሮጊቶች ቤት ሆነ፤ እሁድ እሁድም ከትምህርተ ክርስቶስ በኋላ ሁለት ሦስት ልጆች አባባ ካይታን ግቢ ሳይሮጡ አይውሉም። በዓል ስካሩን ቢተው ደስታው የሚጎድል የሚመስለው ሰው ካለ፣ ይህችን መንደር ሄዶ ይይ።

በተከታዩ እሁድ አባባ ካይታን ክፍሉ በር ላይ ቆመው ሉርዲናን ፈተኗት።

«እሺ፣ አሁንስ ቅዱስ ዮሐንስ ማነው?»

«ገና ሳይወለድ የዘለለው።»

«እኔስ?»

ሉርዲና ትንሽ አሰበች።

«እርስዎማ፣» አለች፣ «ሸምግለው የዘለሉት።»