የእትዬ ጸሐይ ስለት

ከፍሪሞንት ወደ ኦክላንድ በተሳፈርኩበት ባቡር ከኋላዬ ሁለት ሴቶች ይጫወታሉ፤ አንዷ ጠና ያሉ፣ ሌላዋ ወጣት ናት።

«እትዬ ጸሐይ፣ ፍላይትዎ መቼ ነው?»

«ነገ። ልጄ ወደምትማርባት ከተማ ነው። ፍራይቡርግ፣ ጀርመን። ዩኒቨርሲቲው የጥንት ነው አሉ፤ ዙሪያው ተራራው ሁሉ ወይን።»

«እርስዎ ደግሞ ወይን አይጠጡም።»

«ለመጠጥ ማን ሄደ? ስለት አለብኝ። እዚያ ከገባችልኝ፣ ከዚያው አገር ወይን የደረቀ ዘቢብ ለቤተ ክርስቲያን አስገባለሁ ብያለሁ።»

«ዘቢብ ኦክላንድ ሞልቶ የለም እንዴ?»

«የተሳልኩት የዚያን ነዋ። መድኃኔ ዓለምን በሱቅ ዘቢብ ልሸነግለው?»

«እነሱ እኮ ይጠምቁታል እንጂ አያደርቁትም። እሸቱን ይዘው ቢመጡ ደግሞ ኤርፖርት ላይ ይወስዱብዎታል።»

«እኔስ በምን እንቅልፍ አጣሁና? ባለፈው ወር ለልጅቷ ብነግራት ‹ኦ ማይ ጋድ፣ እማ› ብላ ስልኩን ዘጋችብኝ።»

«ታዲያ ምን ሊያደርጉ ነው?»

«ዛሬ ጠዋት የላከችልኝን ፎቶ እስቲ እዪው።»

«ውይ፣ ወይኑን መስኮቷ ላይ አስጥታዋለች እንዴ? ተጨማዶ ዘቢብ ሆኗል እኮ። ከሥሩ ያነጠፈችው ምንድን ነው?»

«አልወስድም ብላ ስትጨቃጨቀኝ በግድ ሻንጣዋ ውስጥ የከተትኩላት ነጠላ ነው።»

«እትዬ፣ አያልቅሱ እንጂ፤ ሰው ያያል።»

«ይየኛ።»

እኔም ለቤተ ክርስቲያን ብዬ ከአልባኒ ሱቅ የገዛሁትን ዘቢብ ከመጽሐፌ ሥር ቀስ አድርጌ ሸሸግሁት።