ሦስት ሻይ በአንድ ደቂቃ

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ የየክፍሉ ኃላፊዎች፣ ክቡራትና ክቡራን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከስታዲየሙ የምሥራቅ መቀመጫ ሥር በእንፋሎት አብረን የተቀቀልን የሻይ መሸጫ ባልደረቦቼ፤

ይህን የጡረታ ግብዣ ላዘጋጃችሁልኝ ሁሉ እጅግ አመሰግናለሁ። አዳራሹ ተጠርጓል፣ ወንበሮቹ ጨርቅ ለብሰዋል፣ ኬኩም ላይ ስሜ ፊደል ሳይጎድለው ተጽፏል። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ የደመወዝ ወረቀቴ ላይ ስሜን አጣመው ሲጽፉት የኖሩ ሰዎች ዛሬ እንዴት አቀኑት? እውነቱን ልንገራችሁ፣ ትንሽ አጠራጥሮኛል።

ሳቁ፣ ሳቁ፤ ታውቁኛላችሁ። «ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር» እያልኩ ስለኖርኩ አይደል «እትዬ ጠርጥሪ» ያላችሁኝ? የማልሰማ መስሏችሁ ነበር? ከባለቤቴ ጋር ሠላሳ አራት ዓመት ኖረን ዛሬም ኮቱን ሳልፈትሽ አላጥብም። እሱም ለምዶት «ምንም የለም» የሚል ወረቀት ኪሱ ውስጥ ማስቀመጥ ጀምሯል። እኔም ወረቀቱን ገልብጬ ጀርባውን አያለሁ።

ግን ዛሬ ለማሳቅ ብቻ አልቆምኩም። እዚህ መገኘት ሲገባት ያልተገኘች አንዲት ሴት አለች። ሁላችንም «ፈጣኗ» የምንላት፣ አምስተኛው መሸጫ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት አጠገቤ የቆመች ሴት። ባለፈው የውድድር ዘመን «የደንበኛ ካርድ አላግባብ ተጠቅማለች» ተብላ ከሥራ ተባረረች። ዛሬ የምናገረው ስለ እሷ ነው። ሥራዋ እንዲመለስላት፣ ስሟም ከዚህ ክስ እንዲጠራ እፈልጋለሁ። ለምን እንደሆነ ስታውቁ እኔን እንዴት እንደምታዩኝ አላውቅም፤ ግን ልጨርስ።

የአሁኖቹ ሠራተኞች ካርድ ከመምጣቱ በፊት እንዴት እንሠራ እንደነበር ላታውቁ ትችላላችሁ። ጨዋታ እየሞቀ ለሻይ ብሎ ከመቀመጫው የሚነሳ ደጋፊ የለም። ስለዚህ ፈጣኗ ትሪዋን ይዛ ደረጃውን ትወጣለች። ሻዩ ከረድፉ ጫፍ ይነሳና ከእጅ ወደ እጅ ሃያ ሰው አልፎ መሐል ለተቀመጠው ይደርሳል። ገንዘቡ በዚያው መንገድ ይመጣል፤ መልሱም በዚያው መንገድ ይሄዳል። ሃያ የማይተዋወቅ ሰው! እኔ ከታች ሆኜ በየጨዋታው «ዛሬስ አንዱ ገንዘቧን መሐል ላይ ያስቀራታል» እላለሁ። ፈጣኗ ደግሞ ትስቅብኛለች።

«እትዬ፣ አንቺ ደግሞ! ሰው ኳስ እያየ ሌብነት ትዝ ይለዋል እንዴ?»

እውነትም አንድም ቀን ገንዘብ አልቀረም። አለመቅረቱ ራሱ እኔን ያሳስበኝ ነበር።

ከዚያ ካርዱ መጣ። ደጋፊው በሩ ላይ ካርድ ይገዛል፣ ገንዘብ ያስሞላል፣ እኛ ጋ ሲመጣ ማሽኑን ያስነካል፣ ሻዩን ይዞ ይሄዳል። «ገንዘቡ ካርዱ ውስጥ ነው» አሉን። ካርዱን ወደ መብራቱ አንስቼ አየሁት። የቱ ጋ? በስልጠናው ቀን እጄን አወጣሁና «ደጋፊው ሳይጠጣበት የቀረው ገንዘብ የት ያድራል?» ብዬ ጠየቅሁ። ያ ከረባት ያሰረው የካርድ ድርጅቱ ሰው «ሲስተሙ ውስጥ ነዋ» አለኝ። ሲስተሙስ የት ያድራል? ፈገግ አለ። ፈገግታ መልስ ነው እንዴ? ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ጡረታ ወጣሁ ብዬ ይህን ጥያቄ አልተውኩትም።

ቀጥሎ እያንዳንዳችን የምስጢር ቁጥር አውጡ ተባልን። ማሽኑ የሚከፈተው በቁጥሩ ነው፤ የተሸጠው ሁሉ በባለቁጥሩ ስም ይመዘገባል። በስሜ? ነገ በስሜ ምን እንደሚሠራበት ማን ያውቃል? «ነገ አወጣለሁ» አልኩ፣ «ከነገ ወዲያ» አልኩ፣ «መነጽሬን ረሳሁ» አልኩ። በመጨረሻ ፈጣኗ ሰለቻት።

«ምን ታደርቂኛለሽ እትዬ፣ በእኔ ክፈቺው!» አለችና ቁጥሯን ጮክ ብላ ነገረችኝ። ጮክ ብላ! ደንግጬ አፏን በመዳፌ ያዝኩት። ከዚያ ቀን ወዲህ የአምስተኛው መሸጫ ማሽን የሚከፈተው በእሷ ቁጥር ሆነ። ማሽኑ ላይ የምቆመው ግን እኔ ነበርኩ።

ግድግዳው ላይ «ካርድ ከባለቤቱ እጅ አይወጣም» የሚል ማስታወቂያ እንደተለጠፈ ታስታውሳላችሁ። የጻፈው ሰው ኳስ ሜዳ ገብቶ የሚያውቅ አይመስለኝም። ደጋፊው እንደሆነ አይነሳም። ስለዚህ ገንዘቡ ይመጣ እንደነበረው ካርዱም ከእጅ ወደ እጅ መምጣት ጀመረ። ፈጣኗ አሥር፣ አሥራ አምስት ካርድ ጨብጣ ትወርዳለች፣ እኔ አንድ በአንድ አስነካለሁ፣ እሷ ይዛ ትመለሳለች። ካርዶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ሰማያዊ ናቸው። የማን የማን እንደሆነ በምን ታውቀው እንደነበር እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ አንድም ቀን ግን አቀያይራ አታውቅም።

አንድ ቀን ያ ባለ ኮፍያ ደንበኛችን አቤቱታ አስገባ። አንድ ሻይ ጠጥቶ የሦስት ሻይ ሂሳብ ተቆርጦበታል። የውስጥ ቁጥጥር ሰው መጣና ዕቃ ክፍሉ ውስጥ አስቀምጦ ስለ ፈጣኗ ጠየቀኝ። የስኳር ጆንያ ላይ ነበር የተቀመጥኩት።

«ካርድ ከደንበኞች ትሰበስባለች?»

«ትሰበስባለች።»

«ማሽኑ በማን ቁጥር ነው የሚከፈተው?»

«በእሷ።»

እስከዚህ እውነት ነው። እዚህ ላይ አፌን ብይዘው ምን ነበረበት? «ደረጃው ላይ ካርዱን ይዛ ምን እንደምትሠራ ግን እኔ አላውቅም» አልኩት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ! አሁን ደረጃ ላይ ሰው ምን ይሠራል? ይሮጣል እንጂ! ማሽኑ ላይ የምቆመው እኔ መሆኔን አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩትም። ዛሬ ለምን እደብቃለሁ፤ ያን ቀን ከልቤ ጠርጥሬያት ነበር። አሥራ አንድ ዓመት የሚስቅ ሰው ምን ደብቆ ነው ብዬ አስብ ነበር።

በሳምንቱ ደብዳቤ ሰጧት። ሽርጧን አጣጥፋ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። ትሰድበኛለች፣ ታለቅስብኛለች ብዬ ስጠብቅ «እትዬ፣ ስኳሩ እያለቀ ነው፤ ለቅዳሜ ሳትረሺ አስመጪ» ብላኝ ወጣች። ቅዳሜ ዕለት ስኳሩ አለቀ። ረስቼው ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የዛሬ ሦስት ሳምንት የማሽን ባለሙያው ማሽኑን ሊረከበኝ አጠገቤ ቆሞ ነበር። ጨዋታው ተጋግሏል፣ ሜዳው ይጮኻል። አንድ ደንበኛ ካርድ ሰጠኝ፤ አስነካሁ፤ ደግሜ አስነካሁ።

«እትዬ፣ ለምን ደገሙት?»

«ጢጥ ማለቱን አልሰማሁማ።»

«ብሎ ነበር እኮ። ጩኸት ስለሆነ ነው ያልሰሙት። ደግሞ አረንጓዴ መብራት በርቷል።»

«መብራት ማንም ያበራል» አልኩት። ባለሙያው ግን አልሳቀም።

«እንግዲህ ይህ ሰውዬ የሁለት ሻይ ከፈለ ማለት ነው» አለኝ፤ ትርፉንም ወዲያው መለሰለት።

ሣጥን ስቤ ተቀመጥኩ። የባለ ኮፍያውን ዝርዝር አውጣልኝ አልኩት። በስልኩ ፈልጎ አገኘው። ሦስት ሻይ፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ፣ አምስተኛው መሸጫ። ክቡራትና ክቡራን፣ ሰው በአንድ ደቂቃ ሦስት ትኩስ ሻይ ይጠጣል? ቁጥጥሮች፣ ይህን ዝርዝር ስታዩ ምላሳችሁን አላቃጠላችሁም?

ያን ደቂቃ አውቀዋለሁ። የእኛ ቡድን ጎል ያገባበት ደቂቃ ነው። ጣሪያው ሊወርድብኝ ነበር፤ እንኳን ማሽን የራሴንም ድምፅ አልሰማሁም። ፈጣኗ የሰበሰበቻቸውን ካርዶች እኔ ጋ ትታ በዚያች ሰዓት ደረጃው ላይ ነበረች። ደጋፊው ሲዘል ሙሉ ትሪ ሻይ ተደፍቶባት፣ ቀሚሷ ከላይ እስከ ታች ርሶ እየሳቀች ስትወርድ አይቻታለሁ። ታዲያ ማሽኑ ላይ ማን ነበር? እኔ። ብቻዬን። አንድ ጊዜ አስነካሁ፣ ማሽኑን አላመንኩም፤ ሁለተኛ አስነካሁ፣ አላመንኩም፤ ሦስተኛ። ሰው እንዳይሰርቀኝ ስጠነቀቅ ሰው ዘረፍኩ፤ ያውም በጓደኛዬ ስም።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የእኔው እውነት እኔ ጋ ሦስት ሳምንት አደረ። ባለሙያውን «እኔ ራሴ ልንገራቸው» ብዬ ለመንኩት፤ ከዚያ ዝም አልኩ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ጠዋት ጠዋት ሰላም ስላችሁ ከረምኩ። ለምን ይመስላችኋል? የጡረታ ደብዳቤዬ እስኪፈረም ነዋ። ብናገር ደብዳቤውን ያስቀሩብኛል ብዬ ጠረጠርኩ። ሐሙስ ተፈረመ። አፍሬያለሁ።

እሁድ ቤቷ ሄድኩ። እንደተባረረች ሰፈር ውስጥ «የካርድ ሌባ» ይሏት እንደነበር ሰምቻለሁ። አሁን ልብስ ማጠቢያ ቤት ነው የምትሠራው፤ ጣቶቿ ተልጠዋል። በሩን ሙሉውን አልከፈተችውም። የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር። እሷ ግን «ማን ላከሽ?» አለችኝ።

«ማንም አልላከኝም።»

«የምፈርመው ወረቀት ይዘሻል?»

«ኧረ የለም።»

«ታዲያ ዛሬ ምን ፈልገሽ ነው እዚህ ድረስ የመጣሽው?»

ወገኖቼ፣ ያቺ ማንንም ጠርጥራ የማታውቅ ሴት ናት እንዲህ የምትጠይቀኝ። የእኔን ነገር ከእኔ ተምራዋለች። ሌላ ያወረስኳት ነገር የለም። ደረጃውን ስወርድ ከኋላዬ ቁልፉን ሁለት ጊዜ ስታዞረው ሰማሁ። ሃያ ስምንት ዓመት ሰው ሁሉ እንደ እኔ ቢጠነቀቅ እያልኩ ስመኝ ነበር፤ አንድ ሰው ተሳካልኝና አልቻልኩትም፤ መንገድ ላይ ቆሜ አለቀስኩ።

ስለዚህ ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ዛሬ የሸለሙኝን ይህን ባለ ወርቅ ቀለም ካርድ፣ «ዕድሜ ልክ ሻይ በነፃ» የሚለውን፣ በአክብሮት እመልሳለሁ። አይቀየሙኝ። በምትኩ አንድ ነገር ስጡኝ። የተናገርኩትን ሁሉ ጽፌ ፈርሜበታለሁ። አንዱ ቅጂ ለእርስዎ ነው፣ አንዱ ለውስጥ ቁጥጥር፣ አንዱን ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አሁን ስገባ ለጥፌዋለሁ። አራተኛው ልጄ ጋ ነው፤ መቼም ታውቁኛላችሁ። ባለሙያውም ያየውን እመሰክራለሁ ብሏል፤ ያውና፣ ከበሩ አጠገብ ተቀምጧል። የባለ ኮፍያውን ገንዘብ ትናንት በእጁ ሰጥቼዋለሁ። ቅጣት ካለም በእኔ ላይ ይሁን፣ ቤቴን ታውቁታላችሁ። እሷን ግን ወደ ሥራዋ መልሱልኝ።

ለእናንተ ለባልደረቦቼ የምለው ትንሽ ነው። ማሽኑን መጠርጠር አትተዉ፤ ሲስተሙ የት እንደሚያድር የነገረን የለምና ጠይቁ። ስትጠይቁ ግን የሚመለከተውን ጠይቁ፤ አጠገባችሁ ያለው ሰው ላይ አትወጡት። እኔ መልስ ያጣሁበትን ነገር ሁሉ የተወጣሁት እሷ ላይ ነው።

ፈጣሪ ሥራችሁን ይባርክላችሁ። ጉልበታችሁን አይንሳችሁ። ልጆቻችሁን ለቁም ነገር ያብቃላችሁ። ባላያችሁት ከመመስከር ይጠብቃችሁ፤ ስትሳሳቱም እንደ እኔ ሦስት ሳምንት አያሳድራችሁ። የሚያምናችሁ ሰው አያሳጣችሁ፤ ካገኛችሁትም እንድታውቁት ያድርጋችሁ። ቡድናችንም ዋንጫ ያንሳ፤ ጎል ሲገባ ግን ማሽኑ ላይ ያላችሁ እጃችሁን አንሱ።

አንድ ነገር ቀረኝ። እዚህ ጠረጴዛ ላይ የምታዩት ስልኬ ንግግሬን ከጀመርኩ ጀምሮ ክፍት ነው። ፈጣኗ ናት መስመሩ ላይ ያለችው። ዛሬ ጠዋት ደውዬ «ነይ» ብላት አልመጣም አለች፤ «በሰው ፊት ስትናገሪው ልስማ» ብቻ ነው ያለችኝ። ይኸው ሰማች። የእኔ ቃል ግን አይበቃትም፤ አልፈርድባትም። ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ይነሱና ወዲህ ቀረብ ይበሉ። ይንገሯት፣ እየጠበቀች ነው።