የእትዬ ዘነበች ላፕቶፕ

እትዬ ዘነበች አሮጌ ላፕቶፓቸውን በነጠላ ጠቅልለው፣ ኮምፒውተር እንደምጠግን ሰምተው፣ ከሚኖሩበት ከኡፕላንድስ ቬስቢ በባቡር ስፖንጋ ሰፈር እኔ ቤት ድረስ መጡ። «አልነሳ ብሎኛል ልጄ። የሟች ባለቤቴ ድምፅ ያለው እዚህ ውስጥ ብቻ ነው» አሉኝ።

«ውሃ ነክቶት ነበር?»

«ኧረ በፍጹም!»

ፈትቼ ሳየው ውስጡ ርጥብ ነው። ቀና ብዬ አየኋቸው። «እሱማ ጸበል ነው፤ አልነሳ ሲለኝ ረጨሁት» አሉ፣ ቅር ብሏቸው። ላብ አጠመቀኝ። ዲስኩን አውጥቼ፣ አድርቄ፣ ከራሴ ላፕቶፕ ጋር አገናኘሁት። ምንም የለም። እሳቸው ማተባቸውን ጨብጠው ያነበንባሉ፤ እኔ ገመዱን እየነቀልኩ መልሼ እሰካለሁ። በመጨረሻ ፋይሎቹ ብቅ አሉ፤ አንዱን ስከፍት የባልየው ሳቅ ቤቱን ሞላው። እትዬ አለቀሱ።

ገና እፎይ ከማለቴ «አየህ? ጸበሉ ነው ያዳነው!» ብለው ከቦርሳቸው ጠርሙሱን አወጡ። «ያንተም እንዳይታመም ትንሽ ጠብ ላድርግለት።»

ላፕቶፔን አቅፌ ወደ መኝታ ቤት ሮጥኩ።