ስምንቱ ማብሪያና የሌሊሴ መልስ

አቶ ነገሬ በዚያ ሐሙስ ማለዳ አየር ጤና የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመው ሊሸሹት የፈለጉት ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ከኋላቸው ተሰልፎ ተገኘ። ኤባ ይባላል። እሑድ ልጃቸውን ሌሊሴን ሊያገባ ቀን የቆረጠ፣ ኮሌጅ ውስጥ ኮምፒውተር የሚያስተምር፣ አንገቱን ሳይሰብር ሰላምታ የማይሰጥ ጨዋ ልጅ ነው። ጥፋቱ አንድ ብቻ ነው፤ ክርክር ከጀመረ አይለቅም።

«እንደምን አደሩ፣ አባባ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንተም ወደ ቤቴል ነህ?»

«አዎ። ካገኘሁዎት አይቀር አዳራሹ ድረስ ልሸኝዎት።»

አቶ ነገሬ ነገሩ ገባቸው። ቤቴል ባለ የሠርግ አዳራሽ ከመጋረጃ ጀርባ ሆነው መብራት ሲያበሩና ሲያጠፉ ኖረዋል። ግድግዳው ላይ ስምንት ማብሪያዎች አሉ፤ አራት ከላይ፣ አራት ከታች። ሙሽራ ስትገባ የትኛው እንደሚበራ፣ ኬክ ሲቆረስ የትኛው እንደሚጠፋ ከእሳቸው ሌላ የሚያውቅ የለም። አምና ወገባቸውን አሟቸው ሲቀሩ ተተኪው «አንደኛው ይብራ፣ ሁለተኛው ይጥፋ፣ ሦስተኛው ይጥፋ» የሚለውን የእሳቸውን ረጅም ትእዛዝ ሲከተል መስመር ሳተና፣ ሙሽሮቹ የወላጆቻቸውን ጉልበት ሊስሙ ባጎነበሱበት ሰዓት አዳራሹን ድቅድቅ ጨለማ አደረገው። ሙሽራው የአማቱን ጉልበት ትቶ የወንበር እግር ሳመ ይባላል። ከዚያ ወዲያ አቶ ነገሬ ማብሪያቸውን ለማንም ላይሰጡ ማሉ። አሁን የገዛ ልጃቸው መልስ ሰኞ እዚያው አዳራሽ ሊደገስ ነው፤ እሳቸውም «ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ እመርቃታለሁ» ብለው ቁርጡን ተናገሩ። ሌሊሴ ይህን ከሰማች ጀምሮ እህል አልቀመሰችም ማለት ማጋነን ይሆናል፤ ማልቀሷ ግን እውነት ነው።

«ትናንትም አለቀሰች፣ አባባ» አለ ኤባ አዳራሹ ሲደርሱ። «‹የማንን ጉልበት ልሳም? የመጋረጃውን?› አለችኝ።»

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ማብሪያዎቹ አዞሩ። «ልጄ፣ እኔስ ጠልቼ ነው? በልጄ ቀን ጨለማ ከሚሆን ግን እኔው ልቅርባት። ይህ ግድግዳ ስፍር ቁጥር የሌለው መልክ አለው። እንዴት ተብሎ ለሰው ይነገራል?»

«ስፍርም ቁጥርም አለው፤ ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት ነው።»

«ምን?»

«አንድ ማብሪያ ወይ በርቷል ወይ ጠፍቷል፤ ሁለት መልክ። ሁለት ማብሪያ አራት መልክ፣ ሦስቱ ስምንት፣ አራቱ ዐሥራ ስድስት። በየማብሪያው እጥፍ እየሆነ ስምንተኛው ላይ ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት ይደርሳል።»

«ያን ሁሉ ዘመን የደከምኩት ለሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት ብቻ ነው?» አሉ አቶ ነገሬ ቅር ብሏቸው።

«አይናቁት፣ አባባ። ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ ያለውም ይኸው የእርስዎ ግድግዳ ነው። አንዱን ማብሪያ ቢት ይሉታል፤ ስምንቱን ባንድ ላይ ባይት። ስልክዎ ላይ ያለው መዝሙር እንኳ በርቷልና ጠፍቷል ተደርድሮ ነው የተቀመጠው። እኛም ያን ሁሉ ስናነብ እንደ አምናው ሰውዬ ዓይናችን ይስታል። ስለዚህ አራት አራቱን ማብሪያ ባንድ ምልክት እንጠራዋለን። አራት ማብሪያ ዐሥራ ስድስት መልክ ስላለው፣ ዐሥራ ስድስት ምልክት ይበቃናል።»

«ዐሥራ ስድስት! እግዜር የሰጠን ዐሥር ጣት። ሰው የሚቆጥረው በዐሥር ነው።»

«እግዚኦታ ሲያደርሱስ በምን ይቆጥራሉ?»

ሽማግሌው እጃቸውን አየት አደረጉ። በየማለዳው ዐሥራ ሁለቱን እግዚኦ የሚቆጥሩት በአውራ ጣታቸው የአራቱን ጣቶች አንጓ እየነኩ ነው፤ በየጣቱ ሦስት ሦስት።

«የአራቱን ጫፍ ቢጨምሩበት ዐሥራ ስድስት ይሞላል» አለ ኤባ በትሕትና። «እግዜር የሰጠዎትን ነው የምለው።»

ሽማግሌ ተረታ ማለት ተሸነፈ ማለት አይደለም፤ አቶ ነገሬም ሌላ በር ፈለጉ። «መልካም። ዘጠኝ ካለቀ በኋላ ዐሥርን ባንድ ምልክት በምን ትጽፈዋለህ? እኛ በግዕዝ ፲ አለን። ፈረንጅ የለውም።»

«እውነትዎን ነው። ዐሥራ አንድ ላይ ግን እኛም ሁለት ምልክት እንጽፋለን። እነሱ ለጎደላቸው ስድስት ምልክት ከፊደላቸው ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍን ወሰዱ። ኤ ዐሥር ነው፤ ኤፍ ዐሥራ አምስት።»

«ከፊደል ከሆነማ እኛ ምን ጎድሎን! ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ፣ ረ!»

ኤባ ከልቡ ሳቀ። «ይሁን፤ ሀ ዐሥር፣ ረ ዐሥራ አምስት። ምልክቱ ቢለወጥ ስሌቱ አይለወጥም።»

ከኪሱ ጠመኔ አውጥቶ ከየረድፉ ማብሪያዎች በላይ ከግራ ወደ ቀኝ 8፣ 4፣ 2፣ 1 ብሎ ጻፈ። «የበሩትን ብቻ ይደምሩ። ጉልበት ሲሳም የትኞቹ ይበራሉ?»

«ከላይ የመጨረሻው ቀርቶ ሦስቱ። ከታች ሁለተኛው ብቻ።»

«ከላይ ስምንት፣ አራትና ሁለት፣ ዐሥራ አራት፤ እሱ ሠ ነው። ከታች አራት። በቃ፣ ሠ4።»

«ለምን እንደ ወጉ ባንድ ቁጥር አትጠራውም?»

«እሱም ይቻላል፤ በተራው አቆጣጠር ሁለት መቶ ሃያ ስምንት ይሆናል። አሁን ሁለት መቶ ሃያ ስምንት ብልዎት የትኛውን ይነካሉ?»

«እኔ ምን አውቄ!»

«ሠ4 ብልዎትስ?»

እጃቸው ከአፋቸው ቀደመ፤ ሦስቱን ከላይ፣ አንዱን ከታች አበሩ። ዐሥር ከአራት ማብሪያ ጋር አይገጥምም፤ ዐሥራ ስድስት ግን ልክክ ይላል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ምልክት ስለ ራሱ ረድፍ ብቻ ይናገራል። አቶ ነገሬ ግን ዝም ብለው የሚያምኑ ሰው አይደሉም። «ሰባት ያልኩት ሰው በሌላ መንገድ ቢያበራውስ?» ብለው ራሳቸው ሞከሩት። አራት፣ ሁለትና አንድ። ሌላ መንገድ ቢፈልጉ ቢፈልጉ አጡ።

ወንበር ስታለብስ የነበረችው የአዳራሹ ሠራተኛ ተሻለች ጨርቁን ትከሻዋ ላይ ጥላ ቀረበች። «ጋሽ ነገሬ፣ እስቲ ለእኔም አንድ ይበሉኝ።»

«ሀ9።»

ተሻለች ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ደመረች። ከላይ ስምንቱንና ሁለቱን፣ ከታች ስምንቱንና አንዱን አበራች። ሙሽራ የምትገባበት መብራት ነበር። አቶ ነገሬ የበሩትን አንድ በአንድ ቆጥረው «በልጄ ቀን እጅሽ እንዳይሳሳት» አሏት። ያን ጊዜ ኤባ መርታቱን አወቀ።

ሰኞ ዕለት አቶ ነገሬ አዲሱን ሱፋቸውን ለብሰው ከክብር ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንዲሉ፣ በአንድ ራስ ታጭቆ የኖረው እውቀት ሁለት ሁለት ምልክት ሆኖ ሲጻፍ ተሻለች ሙያ አገኘች፣ አዳራሹ ከጨለማ ስጋት ዳነ፣ አባትም ወደ ልጃቸው ድግስ ወጡ። እውቀትን አሳጥሮ ለሌላ ማሻገር እንዲህ ያለ በረከት አለው።

ሌሊሴና ኤባ መጥተው ተንበረከኩ። ከመጋረጃው ጀርባ ሠ4 በራ። የማያውቁት አገር አይናፍቅም፤ አቶ ነገሬ ይህን መብራት ሺህ ጊዜ አብርተውታል፣ ከፊት ሆነው ግን አንድ ቀን አይተውት አያውቁም። ሌሊሴ ጉልበታቸውን ስማ ቀና ስትል ብርሃኑ ፊቷ ላይ አረፈ። ያዘጋጁት ምርቃት ሁሉ ጠፋባቸው። ፊቷን በሁለት እጃቸው ያዙና እንባቸው እየወረደ፣

«ለካ እንዲህ ያምራል» አሉ።